ስለ ኮከብ ሞት የጻፍኩት ደብተር

ዳንግላ አሥረኛ ክፍል ስማር የፊዚክስ መምህራችን ከሸዋ የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ቀጭን ሰው ነበሩ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ እንዳልገባን ሲያውቁ ጠመኔውን አስቀምጠው በአማርኛ ይደግሙልናል። እኔ ያንን አማርኛ ቃል በቃል እጽፈው ነበር። ቤታችን የሚነገረው አገውኛ ስለሆነ አማርኛዬ እንዳያሳፍረኝ እሰጋ ነበርና ደብተሬን በጣም አሳምር ነበር።

አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጣ ብለው ከዋክብት እንዴት እንደሚሞቱ ነገሩን። ትንንሾቹ ነዳጃቸውን ቆጥበው ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ ግዙፎቹ ግን ቶሎ ይጨርሳሉ አሉ። ብዙዎቹ መሞቻቸው ሲቃረብ ያብጣሉ፣ መልካቸውም ቀይ ይሆናል። በግዙፎቹ እምብርት ውስጥ ብረት ይከማቻል፤ ብረት ደግሞ እንደ ሌላው ነዳጅ ኃይል አይሰጥም። ያን ጊዜ ክብደታቸውን የሚሸከም ነገር ይጠፋና እምብርቱ በቅጽበት ወደ ውስጥ ይደረመሳል፤ የቀረው አካል ይፈነዳል። ደማችን ውስጥ ያለው ብረትም ከሞቱ ከዋክብት የመጣ ነው ሲሉን፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ክንዷን ገልብጣ አየችው።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ውይይት ኃላፊ ደብተሬን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ጽሑፌን ወዶልኝ መስሎኝ ደስ እያለኝ ሰጠሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። ርእሰ መምህሩና ኃላፊው ከአውራጃ ከመጣ እንግዳ ጋር ተቀምጠዋል። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል፤ «ግዙፍ ቀይ ኮከብ በራሱ ክብደት ይወድቃል» ከሚለው ሥር ተሰምሮበታል። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የአብዮቱ ቀይ ኮከብ ተሰቅሏል።

«ይህን ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ የጨመርሽው?» አለኝ እንግዳው።

«መምህሩ ናቸው ያሉት።»

«ቀይ ብሏል?»

«ብለዋል።»

ስለ ሰማይ ኮከብ እንደሆነ ላስረዳ ስል ደብተሩን ዘጋውና «ውጪ!» አለኝ። የተናገርኩት እውነቱን ነው። ግን የተናገርኩት «አንቺ ነሽ የጨመርሽው» እንዳልባል ፈርቼ ነው።

በማግስቱ መምህራችን አልመጡም። ፖሊስ ጣቢያ እንደታሰሩ ተሰማ። ለእናቴ አልቅሼ ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ሰውዬው እዚህ ዘመድ አላቸው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የላቸውም አልኳት። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ስንቅ ታደርስላቸው ጀመር። እኔ አንድም ቀን አብሬያት አልሄድኩም።

ከአራት ወር በኋላ ተፈቱ፤ ወዲያው ጫግኒ አጠገብ ወዳለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጫግኒ አክስቴን ጠይቄ ስመለስ አውቶቡስ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። ቀድመው ሰላም አሉኝ፤ የእናቴን ጤንነት ደጋግመው ጠየቁኝ። ያኔ ለሕፃናት ፊደል ያስተምሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ደብተር የኔ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። እንዳልኩት ነው የጻፍሽው፤ አንድ ቃል አላጣመምሽም።» ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ፊዚክሱስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ትቼው ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት እንደገባሁ ነገርኳቸው። ስለ ደብተሩ ስናወራ ያልተለወጠ ፊታቸው ያን ጊዜ ጠቆረ። ለምን እንደተውኩት አልጠየቁኝም። ረዳቱ የዳንግላን ሰው ሲጣራ ዘንቢሌን ተቀብለው እስከ በሩ አደረሱልኝ፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ተሳፈርኩ።