የጠጋኟ መስኮት

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የተቀደደ አንሶላ፣ ቁልፉ የወለቀ ጋዋን፣ ኪሱ የተተረተረ ሱሪ ሁሉ መድረሻው አንዲት ትንሽ መስኮት ናት። ከአዳራሹ በኩል ቅርጫት ይገባል፣ ቅርጫት ይወጣል። ከመስኮቷ ወዲያ ጠጋኟ ከስፌት መኪናዋ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። በሯ ወደ ጓሮ ስለሚከፈት ስትገባም ስትወጣም የአዳራሹን አርባ ሰው አታገኝም። ሰው የሚያውቃት በእጇና በድምጿ ነው። አንድ ኪስ ለሦስተኛ ጊዜ ቀድዶ የሚልክ ነርስ ካለ፣ ቁጣዋ በመስኮቷ አልፎ ውሃ የሚፈላበት ቦይለር ክፍል ድረስ ይሰማል።

አንድ ሰኞ ቅርጫቱ ውስጥ ከጋዋኖቹ በላይ ወረቀት ተቀምጦ መጣ። ማንኛውም ሠራተኛ በአሥር ቀን ውስጥ የወረርሽኙን ክትባት ተከትቦ ማስረጃ ካላቀረበ ይሰናበታል ይላል። ማኅተሙ ሁለት ቦታ ተመትቶበታል።

ጠጋኟ ክትባት የምትጠላ ሰው አይደለችም። የራሷን ልጆች ቀርቶ የጎረቤቶቿንም እየጎተተች አስከትባለች። ነገር ግን በሃያ ሁለት ዓመቷ አንድ መርፌ ተወግታ ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ ለጥቂት ነው የተረፈችው። የዚያን ቀን የተጻፈላት የሐኪም ካርድ እስከ ዛሬ የልብስ ቁልፍ በምታጠራቅምበት ጣሳ ውስጥ አለ።

«ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዘሽ እየዋልሽ መርፌ ፈራሽ?» አላት የቦይለሩ ሠራተኛ አንገቱን በመስኮቷ አስግጎ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሱው ነው።

«የኔ መርፌ የሚወጋው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ አያብጥም። ይልቅ መልቀቂያ ብጽፍስ? ከመባረር በራስ መውጣት አይሻልም?»

«እትዬ፣ እንዳትሞክሪው። መጀመሪያ ጠበቃዋን እናናግራት።»

የማኅበሩ ጠበቃ በዕድሜ ከጠጋኟ ልጅ የምታንስ፣ ከፋይል ክምር ጀርባ ፊቷ በግድ የሚታይ ሴት ናት። ቢጫ የሆነውን ካርድ በሁለት ጣቷ ይዛ አነበበችው።

«እማማ፣ ልሸነግልዎት አልፈልግም። ትእዛዙ ራሱ ይሻር ብንል አንረታም። ቦታው ሆስፒታል ነው፤ በሽተኛው መጠበቅ አለበት። እርስዎ ግን የጤና ምክንያት አለዎት። ከአለርጂ ሐኪም ደብዳቤ ያምጡና ከግዴታው ነፃ እንዲያደርጉዎት በጽሑፍ እንጠይቅ። እስከዚያው ከሰው ተለይተው እንዲሠሩ ይፍቀዱልዎ እንበላቸው። እምቢ ካሉ የሥራ ክርክር የሚያይ ቦርድ አለ።»

«መልቀቂያውስ፣ ልጄ?»

«እሱን ከጻፉ በገዛ እጅዎ ወጡ ማለት ነው፤ አባረሩኝ ብለው መክሰስ ይቸግርዎታል። ማመልከቻውን ደግሞ ዝም ብለው እንዳይሰጡ። ቅጂው ላይ ተቀብያለሁ አስብለው ያስፈርሙ።»

ይህቺኛዋ ምክር ለጠጋኟ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ሳታስፈርም ያስረከበችው አንሶላ ሁሉ ጠፋ ሲባል ኖሯል።

ማመልከቻው ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር በስድስተኛው ቀን ገባ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ መልስ አንድ መስመር ነበር፦ ሠራተኛዋ ከአርባ ሰው ጋር በአንድ አዳራሽ ስለምትሠራ ለይቶ ማሠራት አይቻልም። ጠበቃዋ በማግስቱ ለቦርዱ አቤት አለች። ቦርዱም ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ እንዳትሰናበት አዘዘ።

በቀጠሮው ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ለመሆኑ የምትሠራው የት ነው?» አሉ።

«አዳራሹ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር» አለ ሥራ አስኪያጁ። ፋይሏ እንደዚያ ነው የሚለው።

ጠጋኟ እጇን አውጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ጌታዬ፣ ክፍሌ መጥተው ያውቃሉ?»

ሥራ አስኪያጁ ከተሾመ ሦስት ዓመቱ ነው። ፋይሉን አገላበጠ።

«እንግዲያው ሄደን እንየው» አሉ ሰብሳቢው።

ጠጋኟ በጓሮ ዞራ ቀደመቻቸው። ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን በኮሪደሩ እየመራ መጀመሪያ የከፈተው በር የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆነ። ሁለተኛው የወንዶች መጸዳጃ ቤት ነበር። የቦይለሩ ሠራተኛ ጢሙን ሊላጭ ፊቱን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነ ዞር ብሎ፣ «ተሳስታችኋል፤ እዚህ እንኳን እሷ እኔም አልሠራም» አላቸው። በመጨረሻ አዳራሹ ሲደርሱ አርባው ሰው በአንድ ላይ ወደ መስኮቷ ጠቆመ።

መስኮቷ ተከፈተች። «የሚጠገን አላችሁ?» አለች ጠጋኟ።

ሰብሳቢው አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩ። አንድ መኪና፣ አንድ መብራት፣ አንድ ወንበር፣ ወደ ጓሮ የተከፈተ በር።

«ሁለተኛ ሰው የት ይቀመጣል?»

«የት ብሎ? እኔ ራሴ የምገባው በጎኔ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «መለየት አይቻልም ያሏትን ሴት እርስዎም ፈልገው አላገኟትም» አሉት። በሳምንቱ ውሳኔው በጽሑፍ መጣ፦ የአለርጂ ሐኪሙ የትኛው ክትባት እንደሚስማማት መርምሮ እስኪጨርስ በክፍሏ ትሥራ፤ በየሳምንቱም ለወረርሽኙ ትመርመር።

ምርመራው ሁለት ወር ፈጀ። በሃያ ሁለት ዓመቷ ፊቷን ያሳበጠው ነገር ለወረርሽኙ ከሚሰጡት ክትባቶች በአንደኛው ውስጥ እንደሌለ ሐኪሙ አረጋገጠና ያንኑ ተወጋች። አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ አስቀምጦ ጠበቃት። ያበጠ ነገር የለም፤ ወንበሩን ጨምድዳ የያዘችበት ጣቷ ብቻ ደነዘዘ።

በማግስቱ መስኮቷ ተንኳኳች። ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ መጥቷል። አንድ ቁልፍ የጎደለው ኮት በእጁ ይዟል።

«ከቻሉ ለአሥር ሰዓት ስብሰባ...»

ጠጋኟ ኮቱን ተቀበለችና ጣሳዋን ከፍታ የሚመስለውን ቁልፍ መረጠች። ከሥሩም የክትባት ማስረጃዋን አወጣች፤ አንዱን ቅጂ ሰጥታው፣ ሁለተኛውን መስኮቷ ላይ ዘረጋች።

«መጀመሪያ እዚህች ላይ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ» አለችው፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች።