አረፋው ውስጥ ያለው

ባለፈው ሳምንት፣ አሌክሳንድሪያ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከጎን ካለው ላቦራቶሪ የተጫረ ክብሪት ሽታ እኛ ወደተሰበሰብንበት ክፍል ገባ። የኬሚስትሪ መምህራን ነን። ተማሪው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ ሊረሳቸው የማይገባ ዋና ዋና ሐሳቦችን ለዩ ተብለን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ዝርዝሩ አርባ አንድ ደረሰ። ሁሉም የራሱን አላስነካም አለ። ተናድጄ ራሴን ይዤ ሳለሁ ነው ያ ሽታ ጋሽ ወርቁን ያመጣብኝ።

ጋሽ ወርቁ ሲልቨር ስፕሪንግ ባደግኩበት አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረዋል፤ እዚህ በሰው አገር ግን መኪና ማቆሚያ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሆኜ ኬሚስትሪ ሲያቅተኝ እናቴ በየቅዳሜው እሳቸው ዘንድ ላከችኝ። የሥራ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ፣ ላስቲክ በለበሰው የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ይጽፉልኝ ነበር።

ፈተናው ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ፣ የኬሚካል ቀመርን ግራና ቀኝ ማመጣጠን ነው፤ የቀረኝም ሁለት ሳምንት። እሳቸው ግን ማንቆርቆሪያ ጣዱ፤ ውሃው መፍላት ሲጀምር ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ።

«አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አየር።»

«አይደለም።»

«እሺ፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ክብሪት ጭረው ወደ እንፋሎቱ አስጠጉ። እሳቱ ወዲያው ጠፋ፤ ሽታው ብቻ ቀረ።

«ሃይድሮጅን ቢሆን ኖሮ የኔና ያንቺ ቅንድብ ይተርፍ ነበር?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቴስት ላይ አይመጣም!»

«ጉዱ እሱ ነው!» ጠረጴዛውን መቱት። «ውሃ ፈልቶም ያው ውሃ መሆኑን ሳታውቂ ምኑን ነው ባላንስ የምታደርጊው?»

ባቄላውን ኦክስጅን፣ ምስሩን ሃይድሮጅን ብለው፣ በእያንዳንዱ ባቄላ ላይ ሁለት ምስር በሊጥ አጣብቀው ውሃ ሠሩልኝ። ሲፈላ ባቄላዎቹ ይራራቃሉ እንጂ ምስሮቹ ከባቄላቸው አይላቀቁም። እኔ ሰዓት አያለሁ፤ እሳቸው እንደገና ከመጀመሪያው። እስከ ፈተናው ድረስ ከውሃ አልወጣንም።

ወደቅሁ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ ወረቀቱን በራቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

«እርስዎ ነዎት ያስወደቁኝ!»

ወረቀቱን ተቀብለው የተሳሳትኩትን አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቤት አልሄድኩም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ሌሎቹ ልጆች ሲደናገሩ ለኔ ይገለጥልኝ ጀመር። ኢኩዌሽን ባየሁ ቁጥር የሚላቀቀውና የማይላቀቀው ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ከጋሽ ወርቁ ጋር በሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ግን አንገቴን ደፍቼ ስልኬን እነካካለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ገባኝ» አላልኳቸውም። በራሴ ላይ እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አንድ ደብተር ሰጡኝ። በየገጹ ጋሽ ወርቁ ያስጠኗቸው የጎረቤት ልጆች ስም አለ። ከስሙ ሥር ልጁ የተሳሳተው ብቻ፣ በራሱ በልጁ አነጋገር ተጽፏል። የኔ ገጽ ላይ ከስህተቶቼ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

«ፈተና እንዳለባት ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ስትመለስ ከሷ ጥያቄ እጀምራለሁ።»

የቀረው ገጽ ባዶ ነው።