እትዬ አልማዝን ለሰርጌ ለማምጣት

ቅዳሜ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ከኦክላንድ የተነሳነው እትዬ አልማዝን ከሳን ሆዜ ልናመጣ ነው። ሰርጌ ነገ ነው። ደውዬላቸው ነበር፤ «የሰው ደስታ አላበላሽም» ብለው ስልኩን ዘጉት። አባቴ ደግሞ ሳይሞት «እትዬ አልማዝ ሳይመርቁሽ እንዳታገቢ» ብሎኛል።

ሄይዋርድ ላይ መንገዱ ተጨናነቀ። አክስቴ ከድጃ ጭኗ ላይ ያለውን ሳምቡሳ እየጠበቀች ወሬዋን ጀመረች።

በደርግ ጊዜ እትዬ አልማዝ ደሴ ውስጥ የቀበሌያቸው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ስብሰባ የቀረች ሴት ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አታገኝም። እሳቸው በድምፅ ማጉያ መፈክር ያሰማሉ፤ ሴቱ ግራ እጁን ያነሳል።

«ታዲያ ምናቸው ይወደዳል?» አልኳት።

«መጥረጊያቸው!»

አሰሳ ሊመጣ መሆኑን ሲሰሙ «ነገ የጽዳት ዘመቻ አለ፤ መጥረጊያ ይዛችሁ ውጡ» ብለው ያውጃሉ። እናቶች ይገባቸዋል፤ ልጆቻቸውን ያሸሻሉ። አባቴ ያመለጠው እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን አንዱ ለቅሶ ቤት ውስጥ «የደርግ አፍ» ብሎ ሰደባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ዘንድ አይደርሱም።

በወሬ ተጠምደን ሚልፒታስ ላይ የምንወጣበትን ኤግዚት አለፍነው። ከሳምቡሳውም እኩሌታው አለቀ፤ አክስቴ «ለመንገድ ነው» ትላለች።

ሳን ሆዜ ደርሰን በራቸውን አንኳኳን።

«እትዬ፣ ከድጃ ነኝ። ሙሽራዋን ይዣለሁ።»

«ተይኝ ልጄ» አሉ ከውስጥ። «ሰው ድምፄን የሚያውቀው በመፈክር ነው። ሰርግ ላይ ምን ልል?»

እንባዬ መጣ። አክስቴ ግን ሳምቡሳውን አስታቀፈችኝና እጆቿን እንደ ድምፅ ማጉያ አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች፦

«የሴቶች ማኅበር አባላት! ነገ የጽዳት ዘመቻ ስላለ መጥረጊያ ይዛችሁ እንድትወጡ! የቀረች ወዮላት!»

አንዲት ጎረቤት በመስኮት «ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» አለች። በሩ ተከፈተ። እትዬ አልማዝ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ።

«አንቺ ሞኝ! ያን ቀን የእውነት መስሎሽ፣ መጥረጊያ ይዘሽ ወጥተሽ ብቻሽን ስትጠርጊ!»

«ልጅ ነበርኩ እኮ! ወንድሜ ግን አመለጠ፤ ይቺ ልጁ ናት።»

ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩኝ። «ዓይኑን ወስደሻል!» አሉና ነጠላቸውን ሊያመጡ ገቡ።

ያን ማኅበር የደርግ ብቻ አድርጌ አስበው ነበር። ለካ የሴቶቹም ነበር፤ ይህን የተማርኩት በዚህች አጭር መንገድ ነው። ማታ ኦክላንድ ገባን።

በማግስቱ ጠዋት ሙሽራው ሊመጣ ሲል ብፈልጋቸው እትዬ አልማዝ ከቤት የሉም። ደንግጬ ወጣሁ። ደጃፌን እየጠረጉ ነው።

«እትዬ፣ ምነው ይተዉት እንጂ!»

«ዘመቻው ዛሬ አይደል?» አሉ ቀና ብለው። «ነይ፣ ልመርቅሽ።»