ንዝረት ያደነዘዛቸው ጣቶቼ

መጀመሪያ የደነዘዘው የቀኝ እጄ መሃል ጣት ነበር። ጠዋት ጠዋት በሞተር ሳይክል ወደ አሰላ ስመጣ ብርድ ስለነበር፣ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። አሰላ ደርሼ እጄን ሳራግፈው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመለስልኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሌባ ጣቴ ተከተለ። በሦስተኛው አውራ ጣቴ። ማታ እጄ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ እየመሰለኝ ከእንቅልፌ እነቃ ጀመር። ያኔም ብርዱ ነው አልኩ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በየቀኑ ሞተር ሳይክል እየነዱ እጃቸው ለሚደነዝዝ ሰዎች ነው። የነርሲንግ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ሲሆን፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው። ኮሌጅ ስገባ አጎቴ ጋሽ ለማ ለብዙ ዓመት እህል ያመላለሱበትን ሞተር ሳይክል ሰጡኝ። ከመስጠታቸው በፊት የመሪውን ሁለት እጀታዎች ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ ከመነዳሪ ላስቲክ ጠቀለሏቸው። እኛ አካባቢ ብዙ ነጂ እንዲህ ያደርጋል፤ ንዝረት ይቀንሳል ይባላል። ጋሽ ለማ ግን አራት ዙር ጠቅልለው፣ በላዩ የበግ ቆዳ አልብሰው፣ በሲባጎ ሰፉት።

«እንካ፣ እንደ ሙሽራ አልብሼልሃለሁ» አሉኝ። «በሽተኛ የሚነካ እጅ ነው፤ እንዳይጎዳብኝ።»

እጀታው ከመወፈሩ የተነሳ ጣቶቼ ዙሪያውን አይደርሱም ነበር። እንዳያመልጠኝ አጥብቄ እይዘዋለሁ። አልተመቸኝም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው የሰፉትን እንዴት አድርጌ ልፍታው? አመስግኜ ነዳሁ። ባገኙኝ ቁጥር «እንዴት ነው?» ይሉኛል። «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» እላለሁ።

የልብ ምት መቁጠር የተማርነው በዚያው ሰሞን ነው። የክፍል ጓደኛዬ ሐዊ እጇን ዘረጋችልኝ። ሁለት ጣቶቼን አንጓዋ ላይ አሳረፍኩ። ምንም የለም። ቦታ ቀየርኩ። ምንም። ጫን አልኩ። ምንም። ሰዓቱ አለቀ። ሁሉም ይጽፋል። እኔም ሰባ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

መምህራችን ሲስተር ወይንሸት የሐዊን እጅ ያዙ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ወረቀቴን አዩ።

«መቶ አራት ነው። ልጅቷ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ አሁን መድረሷ ነው። አንተ ሰባ ስድስትን ከየት አመጣኸው?»

«ሲስተር፣ እሱ እጄን ሲይዘኝ እኮ ነው የጨመረው» አለች ሐዊ፣ ልታድነኝ ብላ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«አልተሰማኝም» አልኩ። «ጣቶቼ አይሰሙም።»

ሲስተር ወይንሸት የክፍሉ ሳቅ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ይህንን ነበር ወረቀቱ ላይ መጻፍ የነበረብህ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዚያ ቁጥር ሰው ይታከምበታል። ነገ ሐኪም ዘንድ ሂድ። በተርሙ መጨረሻ እኔ ራሴ እፈትንሃለሁ። የልብ ምት መቁጠር ያልቻለ ሕሙማን ወደሚተኙበት ዋርድ አይገባም።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ዶክተሩ አንጓዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ጣቶቼን ኤሌክትሪክ የያዛቸው ያህል ነዘራቸው። ሁለቱን እጆቼን ከአንጓቸው አጥፌ ጀርባ ለጀርባ እንዳጋጥም አዘዙኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ደነዘዙ።

«ካርፓል ተነል ሲንድሮም ይባላል» አሉኝ። «አንጓህ ውስጥ በጠባብ ቦታ የሚያልፍ ሚዲያን ነርቭ የሚባል ነርቭ አለ። እሱ ተጨንቋል። ንዝረቱ፣ አጥብቀህ መያዝህና አንጓህን አጥፈህ መንዳትህ ተባብረውበታል።»

«ይድናል?»

«አሁን ካረፍክ ተስፋ አለው። ከቆየህ ግን የአውራ ጣትህ ጡንቻ ይሟሽሻል። ያኔ ቀዶ ሕክምና ቢደረግም ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የማይሰማ እጅ ይዤ ነርስ አልሆንም። ይህን አውቄ ተነሳሁ።

ስድስት ሳምንት ሞተር ሳይክል አልነካሁም። እስከ አስፋልቱ በእግሬ እየሄድኩ፣ ከዚያ በሚኒባስ እየተሳፈርኩ፣ ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት አስሬ እየተኛሁ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየችኝን የጣት እንቅስቃሴ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር እየሠራሁ ከረምኩ። በአምስተኛው ሳምንት ሌሊት መንቃቴ ቀረ። ሆኖም ወደዚያው እጀታ ከተመለስኩ ሕመሙም እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉን አሰላ ያለ ጀማል የሚባል መካኒክ ጋ ልወስደው ቆረጥኩ። ጋሽ ለማ ካልነዳሁት ብለው እሳቸው እየነዱ እኔን ከኋላ ጭነው መጡ። ሐኪም ለጊዜው እንዳልነዳ እንደከለከለኝ እንጂ ለምን እንደምንሄድ ገና አልነገርኳቸውም።

ጀማል እጀታውን አየና «አቦ፣ ይሄ ለመንዳት ነው ለማርባት?» አለ።

ጋሽ ለማ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም ጋሼ» አልኩ። «ለእኔ እጅ ወፈረብኝ። ጣቶቼ መስማት አቁመው ነበር። ሐኪም ቤት የሄድኩትም ለዚህ ነው። ደብቄዎታለሁ።»

እጄን ሳብ አድርገው የመሃል ጣቴን ጫፍ በጥፍራቸው ቆነጠጡት።

«ይሄስ?»

«ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል።»

ከኪሳቸው ሴንጢ አውጥተው ስፌቱን ራሳቸው ቀደዱት። «አንተ ልጅ! የሚያሳክክህን ልብስ ለብሰህ ነው ስታመሰግነኝ የከረምከው?»

ጀማል ሲፈትሸው ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ላልተው ተገኙ። ዋናው ንዝረት ይመጣ የነበረው ከዚያ ነው። ጎማዎቹም ጭነት ይጫንበት በነበረ ጊዜ ይነፉ እንደነበረው ድንጋይ እስኪሆኑ ተነፍተዋል። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ አየሩን ለእኔ ክብደት በሚስማማው ልክ አደረገው፤ በእጄ ልክ የሆነ ለስላሳ የላስቲክ እጀታ ገጠመ፤ በመሪው ሁለት ጫፍ ንዝረት የሚውጥ ክብደት ጨመረ። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹንም ዝቅ አድርጎ ስላዞራቸው አንጓዬ ሳይታጠፍ ልይዛቸው ቻልኩ። ጋሽ ለማ በየብሎኑ ላይ «እሱንም እየው» እያሉ አጠገቡ ቆሙ።

በተርሙ መጨረሻ ሲስተር ወይንሸት የራሳቸውን እጅ ዘረጉልኝ። ጣቶቼን አሳረፍኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ከቆዳቸው ሥር አንድ ቀጭን ነገር ገፋ አደረገኝ፤ ደግሞ ገፋ አደረገኝ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። እርግጠኛ ስላልሆንኩ እንደገና ልቁጠር ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ሰባ ሁለት» አልኩ በመጨረሻ።

«ሰባ አንድ ነው ያገኘሁት» አሉ። «ሰኞ ዋርድ ና።»

የመሃል ጣቴ ጫፍ እስከ ዛሬ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ግን ይሰማል። ሲስተር ወይንሸትን፣ ዶክተሩን፣ ጀማልን፣ ከሁሉም በላይ ጋሽ ለማን አመሰግናለሁ።

እናንተም እጃችሁ ከደነዘዘ ብርድ ነው ብላችሁ አትለፉት። መሪውን አታንቁት፤ በየመሃሉ ቆም ብላችሁ እጃችሁን አሳርፉ። ንዝረት ሲበዛ እጀታ ከመጠቅለላችሁ በፊት ብሎኑን አስፈትሹ። ጠዋት ለመንዳት ከመነሳታችሁም በፊት አራቱን ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ በአውራ ጣታችሁ ንኩ። አንዱ እንኳ ካልተሰማችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ከታችሁ ሐኪም ቤት በሚኒባስ ሂዱ።