የአቶ ምናሴ መውጫ

ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ አቶ ምናሴን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተከራየ መሆን አለበት። ሠላሳ ዓመት በኮሌጅ ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ እውነተኛ ሥራቸው ግን ሽምግልና ነው። ያላስታረቁት ገና ያልተጋባውን ብቻ ነው። የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው፦ «ግቡ ቢሏችሁ ግቡ፤ ተቀመጡ ቢሏችሁ ግን እሺ ሳይባል እንዳትቀመጡ።»

ድሮ ከደጃቸው ጣና ይታይ ነበር። እንደሳቸው አባባል ጉማሬው ሲያዛጋ ጥርሱ ይቆጠር ነበር። ከዚያ በምሥራቅ በኩል አንዱ ባለቦታ ሽማግሌ ላከ፤ አጥርዎን ትንሽ ጠጋ ያድርጉልኝ አለ። ጠጋ አደረጉ። ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ወጣና ሐይቁን ይዞት ሄደ። በምዕራብ የገበያ ማዕከል መጣ፤ እሱም ሽማግሌ ላከ፤ ፀሐይዋ ሄደች። በጓሮ ፔንሲዮን መጣ፤ ነፋሱ ሄደ። «ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል?» ይላሉ አቶ ምናሴ።

የቀረችው ወደ አስፋልት የምታወጣ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ናት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ ወፈር ያሉ ስለሆኑ በእሷ ሲገቡ አቶ ምናሴ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጌትነት የሚባል ባለሀብት ይህችኑ ዘግቶ ሊገነባ ሽማግሌ ላከ።

«ዛሬ እሺ ካልህ በየት ልንወጣ ነው? እንደ ጭስ?» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

«ዛሬስ ምያለሁ!»

መሪጌታ ወልደ ጻድቅና ሐጂ አኒስ መጡ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሁልጊዜ አቶ ምናሴ ራሳቸው ስለነበሩ አንድ ጎደለ።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ምናሴ።

«እሺ ሳይሉን? እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን!» አሉ መሪጌታ። «ሕንፃው ሲያልቅ በምድር ቤቱ ማለፊያ ይሰጥዎታል።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እሱን ፈጣሪ ያውቃል።»

ሁለት ሰዓት ቆሙ። የሐጂ አኒስ ጉልበት እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ጀመር። «ጋሽ ምናሴ፣ ቆሜ ሞትሁ እኮ!»

አቶ ምናሴ ሚስታቸውን አዩ። መተላለፊያዋን አዩ። የሐጂን ጉልበት አዩ።

«እሺ» አሉ።

መሪጌታ ደስታው አላስችል ብሏቸው እዚያው ለጌትነት ደወሉ። ከዚያ ተቀመጡና ሁሉም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ መመረቅ ጀመሩ፤ ምርቃታቸው ደግሞ ከኖኅ መርከብ ተነሥቶ ነው ሹም አቦ የሚደርሰው። ጌትነት፣ ሰውዬው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብሎ፣ ብሎኬት አስደርድሮ ግንበኛ አቁሞ ይጠብቅ ኖሯል። የመጨረሻው አሜን ተብሎ ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ መተላለፊያዋ የለችም። በቦታዋ እርጥብ ግንብ ቆሟል።

«ጌትነት! ክፈት እንጂ፣ እኛ ነን!» አሉ ሐጂ አኒስ።

«ሐጂ፣ አይንኩት! ሲሚንቶው ገና አልያዘም!» አለ ከማዶ።

«አይከፍትም» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «ሽማግሌ ይላክበት።»

የሰፈሩ ሽማግሌ በሙሉ ግን ግቢው ውስጥ ነበር።

አቶ ምናሴ ወንበሮቹን መልሰው ሳቡ።

«በሉ ተቀመጡ።»