በጆሮዬ የመረጥኩት ሞተር

ሚስቴ አሁን አንቱ ትለኛለች። "አባባ፣ ይቀመጡ፤ ባለቤቴ ሲመጣ ያናግርዎታል" ብላ ወንበር ትስብልኛለች። ወንበሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቤቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው አስፋልት ሥር፣ ድንጋዩን በጀርባዬ አመላልሼ። መጀመሪያ ላይ እቆጣ ነበር። "ባልሽ እኔ ነኝ፣ እይኝ እንጂ!" እላታለሁ። እሷ ትፈራና ልጃችንን ትጠራለች፣ "እኒህ ሰውዬ ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?" ብላ። አሁን የሳበችልኝ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ሐኪም ቤት ወስደናታል። ጸበልም አስጠምቀናታል። የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አሉን። እኔ ግን የራሴን ነገር ይዤ ነበር። ልጄ ግትርነት ነው ትለዋለች፣ ትበል። እኔ የማውቀው መኪናዬ እስክትሞት ድረስ ሚስቴ ታውቀኝ እንደነበር ነው።

መኪናዋ የጣሊያን ሥራ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ ክዳኗ ጨርቅ ነው፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። የዛሬ ልጆች ስፖርት ካር ይሏታል። በጣም ቀላል ናት፤ አንዴ ቦይ ውስጥ ገብታብኝ ከአንድ ሊስትሮ ጋር ሆነን ኋላዋን ብድግ አድርገን አውጥተናታል። እኔ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ፣ ሰሜን መስመር። ይቺን ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነው የሸጠልኝ። ከመስመር ስመለስ አውቶቡሱን መናኸሪያ አስረክብና እሷን አስነስቼ ወደ ቤቴ እመጣለሁ።

አስፋልቱ ላይ፣ ከቤታችን በላይ፣ አንድ ጠመዝማዛ አለ። እዚያ ስደርስ ማርሹን ወደ ሁለት እቀንሳለሁ። ያን ጊዜ መኪናዋ በጭስ መውጫዋ ሁለቴ ታስላለች፣ እህ እህ፣ ልክ በር ላይ ደርሶ እንደሚያስል ሰው። ከዚያ ኮብልስቶኑን ይዘን ወደ ሰፈራችን እንወርዳለን። ሚስቴ የመኪናዋን ሳል ስትሰማ ሻሿን አስተካክላ በሩን ትከፍታለች። ዕድሜ ልኬን በሬ ላይ ክላክስ አድርጌ አላውቅም።

በሽታው ሲጀምራት ስሜ ጠፋት፣ ቀጥሎ የልጃችን ስም። የመኪናዋ ሳል ግን አልጠፋትም። በሩን ከፍታ፣ "መጣህ? ምሳ ቀርቧል" ትለኝ ነበር። ምሳ አልቀረበም፤ ማቅረብ ከተወች ቆይታለች። ቢሆንም አንተ ነበር የምትለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒቷን ገዝቼ ከሲግናል ሰፈር ስመለስ ሞተሩ ውሃ ጨርሶ ፈላ። ሐሳቤ እሷ ጋ ስለነበር ጭሱን እስካይ ድረስ አልነቃሁም። መኪናዋን አስጎትቼ ጋራዥ አስገባሁና በእግሬ ወደ ቤት መጣሁ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ አስፋልቱን ታያለች። አጠገቧ ደረስኩ። "አባባ፣ ሰው ፈልገው ነው?" አለችኝ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት።

ሲግናል ያለው መካኒክ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ቀልደኛ። ሞተሩን ፈትቶ ሲያበቃ ጠራኝ።

"ፋዘር፣ ሞኖብሎኩ፣ የሞተሩ ዋና ገላ፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። ይሄ በብየዳ የሚድን አይደለም። ሌላ ሞተር መጫን ነው።"

"ምን ዓይነት?"

"የጃፓን ነዋ! አሉሚኒየም ነው፣ ከድሮው ይቀላል፣ ጉልበቱ ደግሞ እጥፍ ነው። እንጦጦ አናት ላይ እንኳን ትንፋሽ አያጥረውም። ይቺን በመሰለች ቀላል መኪና ላይ ሲገባ እኮ ክንፍ ነው የምታወጣው!"

"አስነሣልኝ።"

ከተጋጨች መኪና ላይ ገና ያልተፈታ ነበረው፤ አስነሣው። ጀርባዬን ሰጥቼ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። እንደ ፍሪጅ ያንጎራጉራል።

"ይሄ አይሆንም" አልኩት።

"ምን ጎደለው?"

"አያስልም።"

ሳቀ። "ፋዘር፣ ሰው ሁሉ እኮ እዚህ የሚመጣው ሞተሩ ማሳል እንዲተውለት ነው! እሺ፣ እንግዲያው የኤሌክትሪክ ላፈላልግልዎት። የቤንዚን ሰልፍ የለ፣ ጭስ የለ፣ እንደ ድመት ኮቴው ሳይሰማ ነው የሚሄደው።"

"ድመት ቤቴ አለኝ።"

"እንዲያ ከሆነ የሚኒባስ ናፍጣ ልጫንልዎት፣ ሰፈሩን በሙሉ ያነቃልዎታል።"

"ፊቷ ከብዶ መሪ እንቢ ሊላት? ይሄን የማላውቅ ሹፌር መሰልኩህ?"

"ታዲያ ምን ይሁን? ቀላሉን አይፈልጉ፣ ከባዱን አይፈልጉ፣ ፀጥ ያለውን አይፈልጉ!"

ያን ጊዜ ነገርኩት። መናገሩን አልፈለግሁም ነበር፤ የቤቴን ገመና ጋራዥ ውስጥ ላወራ? ግን ሌላ መንገድ አጣሁ። ሚስቴ በመኪናዋ ሳል ነው የምታውቀኝ አልኩት። መፍቻውን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"ይሄን ቀድመው አይነግሩኝም?" አለኝ።

እሱ ራሱ ነው ያፈላለገልኝ። እንደ እኔዋ ከዚያው የጣሊያን ፋብሪካ የወጣች የቤት መኪና ነበረች፣ ላምበረት፣ ከአንድ ርካሽ አልቤርጎ ጓሮ ቆማ ዶሮ የሚያድርባት። ሞተሯ ያው ዘር ነው፣ ግን ያረጀና አቅም ያነሰው። አጥቦ፣ ቤንዚን በጀሪካን አጠጥቶ አስነሣልኝ። ጀርባዬን ሰጠሁ። ወፍራም ድምፅ ነው፣ ከታች የሚመጣ።

"ይሄ ነው" አልኩት።

"ፋዘር፣ ልምከርዎት። ይሄ ዘይት ይበላል። ዕቃው አገር ውስጥ የለም። የእንጦጦን ዳገት እያለቀሰ ነው የሚወጣው። ጃፓኑ ግን እኔንም እርስዎንም ይቀብራል።"

"ቀባሪ አልፈልግም። አንድ ቀን ብትሰማው ይበቃኛል።"

ልጄ ስትሰማ ተናደደች። ከቢሮ ገብታ ቦርሳዋን እንኳን አላወረደችም። "አባዬ፣ በሽታው ነው እንጂ መኪናው አይደለም። ኋላ አንተው ነህ የምትጎዳው።" እሷን እናቷ እንደ ሠራተኛም ቢሆን በየቀኑ ትፈልጋታለች። እኔን የሚፈልገኝ የለም፤ የምትፈልገው ያልመጣውን ነው።

ሞተሩ ገባ። የሞተር ቁጥሩን ሊብሬ ላይ ለማስቀየር ያየሁትን ፍዳ አላወራም። የድሮዋን ጭስ መውጫና የድሮዋን ካርቡሬተር መልሰን ገጠምንላት። መካኒኩ እንዳለውም ዳገቱን እያለቀሰች እስከ እንጦጦ ፓርክ በር ድረስ ወጣች። እዚያ ወጣቶች ከበው ፎቶ ሊነሱባት ፈለጉ፤ ዞር በሉ ብዬ አባረርኳቸው። አዙሬ ቁልቁል ስመለስ፣ ገና ከቤታችን ርቄ፣ ማርሹን ወደ ሁለት ጣልኩ። እህ እህ። ዳር ይዤ አቆምኩና አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

መኪናዋን ያን ማታ ጋራዥ አሳድሬ በማግስቱ ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ጥቁሩን ካፖርት ለበስኩ፣ እሷ የምትወደው ነው፣ ለልጃችን ምርቃት የገዛችልኝ። ነጠላ ደረብኩ። ከሲግናል አስነስቼ ወጣሁ። ጠመዝማዛው ጋ ስደርስ ማርሹን ያዝኩ። ጣልኩት። አሳለች።

ኮብልስቶኑን ስወርድ በሩ ተከፈተ።

ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። እንዲያ ያለ ፊቷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ወጣት ሆና ነበር፣ እውነቴን ነው። ልጃችን ከኋላዋ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ሚስቴ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ መሪው በኩል መጣች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እኔን አልፋ ሌላኛውን ወንበር አየች። ወደ አስፋልቱ ቀና አለች። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

"እሱስ?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ መጣሁ እኮ" አልኳት።

"አባባ፣ መኪናውን ምነው እርስዎ አመጡት? እሱ ለማንም አይሰጥም እኮ።" ካፖርቴን አየችው። ነጠላዬን አየችው። ፊቷ ሲለወጥ እያየሁት ነው። "ምነው? ምነው አባባ? ለምንድነው የመጡት?"

እንግዲህ እኛ አገር መርዶ የሚያረዳው ሽማግሌ ነው። የሹፌር ሚስት ስትኖር ስትኖር የምትፈራው ይሄንን ነው፣ ነጠላ የደረበ ሽማግሌ የባሏን ዕቃ ይዞ በሯ ላይ ሲቆም። ስንት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር የመጣ መሰላት። ያመጣሁባትም እኔ ነኝ።

እሪ አለች። "መንገድ በላብኝ! ሰሜን መስመር በላብኝ!" እያለች ደረቷን ትደቃለች። በስሜ ጠራችኝ። ያ የጠፋት ስሜ ተመልሶ መጣላት፣ ለለቅሶ። ጎረቤት እየሮጠ መጣ፤ እሷን ያያሉ፣ በቁሜ የሚለቀስብኝን እኔን ያያሉ። አንዲት ጎረቤታችን ግራ ገብቷት አብራ ማልቀስ ጀመረች። የሚስቴን እጅ ልይዝ ስል ሸሸችኝ። "አይንኩኝ! የት ነው ያለው? ሬሳውን አምጡልኝ!"

ልጃችን "አባዬ፣ የሆነ ነገር በል!" ብላ ጮኸችብኝ።

"አልሞተም!" አልኩ። "እመቤቴ፣ ይስሙኝ፣ አልሞተም። መስመር ወጥቶ ነው። መኪናዬን ቤት አድርሱልኝ ብሎኝ ነው።"

ደረቷን መድቃት ተወች። "በማርያም?"

እኔ በሐሰት ምዬ አላውቅም። "በማርያም" አልኩ።

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ተነፈሰች። "አስደነገጡኝ እኮ አባባ" አለች፣ ፈገግ እንደማለት ብላ። ከዚያ ወደ ቤት አስገብታ ወንበር ሳበችልኝ።

መካኒኩ ነገሩን ሲሰማ፣ "ፋዘር፣ ጃፓኑ አሁንም አለ፤ በነፃ ልቀይርልዎት?" አለኝ። እንቢ አልኩት። ሽጣት የሚሉኝም አሉ። አልሸጣትም። መድኃኒት ለማምጣት እነዳታለሁ። ግን ሚስቴ በማትሰማበት በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው የምመጣው። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ማርሹን ፎሌ አድርጌ፣ ነፃ ለቅቄ፣ ፍሬን እየረገጥኩ፣ ያለ ምንም ድምፅ ጠመዝማዛው ጋ ካለው የጎረቤት ግቢ ድረስ እንሸራተታለሁ። ጆሮዬን አምኜ የመረጥኩትን ሞተር አፉን ይዤ ማለት ነው። ሸራ አለብሳትና በእግሬ እወርዳለሁ።

እሷ በሩ ላይ ተቀምጣለች፣ አስፋልቱን እያየች።

"እንደምን ዋሉ አባባ? ሲመጡ መንገድ ላይ አላዩትም?"

"አላየሁትም" እላታለሁ።