ደረጃው መካከል ያለው መስኮት

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል የፈረንጅ ከተማ አብረን በኖርንበት አሮጌ አፓርትመንት ደረጃውን ስንወጣ፣ መካከል ላይ ካለው ሰፊ መስኮት ሳይቆሙ አያልፉም ነበር። ደክሟቸው እንዳይመስላችሁ፤ ሕንጻውን የነደፈውን ሰው ሊመርቁ ነው። «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። ላይብረሪ ሄደው ማንነቱን ፈልገው አገኙ፤ መኪና ብርቅ በነበረበት ዘመን እንደኛው እንጀራ ፍለጋ ከካናዳ የወረደ፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የጠፋ አርክቴክት ነው።

«ጋሼ፣ የማያውቁትን ፈረንጅ?» ስላቸው ይስቃሉ።

«አንቺ ሞኝ! እሱ እኮ ያውቀናል። ሽማግሌ እዚህ ጋ ትንፋሽ እንደሚያጥረው አውቆ ነው ብርሃን ያስቀመጠልን።»

እውነትም እዚያ ቆመን ከውጭ የዛፉ ቅጠል ሲወዛወዝ ስናይ፣ ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ልጄ፣ «እማ፣ እዚሁ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ እኛ ጋ ሙቭ አድርጊ፤ ሕንጻችን ኤሊቬተር አለው፤ ደረጃ አትወጪም» ትለኛለች። ለጉልበቴ አስባ ነው፣ አላህ ይባርካት።

ትናንት መስኮቱ ጋ፣ የጋሼን ቦታ ለእሳቸው ትቼ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ቆምኩ። ከሄድኩ ያንን አርክቴክት የሚመርቀው የለም። ቤት ገብቼ ደወልኩላት።

«ልጄ፣ ደረጃውን ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ» አልኳት።